የጓሮው ጎመንና የገበያው ጎመን

ውድ ደርቤ፣

በቄስ ሀብተ ሚካኤል በኩል የላክኸው ቃል ደርሶኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ። የታችኛው ማሳ ያንተ ይሁን፣ እንደ ድሮው የትል መድኃኒት እየተረጨ ለገበያ ይውጣ፤ ጓሮው የኔና የልጃችን የሊድያ ይሁን፣ መድኃኒት አይንካው፣ ከሱ እንብላ። እንዲህ ከሆነ የጎንደሩን የግንብ ሥራ ትቼ እመጣለሁ ብለሃል። መልሴን በሳቸው በኩል መላክ አልፈለግሁም። ደግ ሰው ናቸው፤ አለሳልሰው ነው የሚያደርሱልህ። እኔ ደግሞ እንዲለሳለስ አልፈልግም።

መልሴ እንቢ ነው።

አሁን ወረቀቱን ጠቅልለህ እንዳትጥለው። ለምን እንቢ እንዳልሁ እስከ መጨረሻው አንብብ። አንተ ከሄድህ በኋላ የሆነውንም አታውቅም።

ለኔ ነገሩ የጀመረው ዳባት ነው፤ የእህቴ የማርያማዊት ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት። የነቢያት ጾም ስለነበር ድግሱ የጾም ነበር። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን በካሮት። ማርያማዊት ልጇን ታቅፋ በመካከላችን እየዞረች፣ «ብሉ እንጂ! ጎመኑ እኮ የናንተው አገር ነው፤ ከደባርቅ ነው ያስመጣሁት። ነጋዴዋ እንዲያውም የደርቤ ማሳ ነው ብላኛለች» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እጅህ ይባረክ አሉህ። አንተም ፈገግ አልህ።

ከዚያ ሊድያ እጇን ወደ ጎመኑ ሰደደች። እጇን ያዝህና ወደ ምስሩ መለስኸው። «ይሄን ብዪ» አልሃት ቀስ ብለህ። ልጅ ናት፣ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና መለስኸው። አንተም አልቀመስህም። እኔ ትሪው ማዶ ተቀምጬ ሁሉን አየሁ። እህቴ ግን በላች። በልታ ስታበቃ ጥግ ላይ ተቀምጣ ልጇን አጠባች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ስለነበር ዝም አልሁ። ቤት እንደገባን ግን ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠየቅሁህ።

«ጎመኑን ለምን ከለከልሃት?»

«መቼ እንደተቆረጠ በምን አውቃለሁ?»

«የቆረጥኸው አንተ አይደለህም?»

«ለዚህ እኮ ነው» አልኸኝ። «ረቡዕ ረጨሁት፤ ሐሙስ ነጋዴዋ መጣች። ምን ላድርግ?»

«የግብርና ባለሙያው ከረጫችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቁ አላለም?»

«ይላል! ሁለት ሳምንት ስጠብቅ ትሉ ይጨርሰዋል። የከተማ ሰው ቀዳዳ ያየበትን ጎመን አይገዛም። ይሄን የማያደርግ ገበሬ ካለ አሳዪኝ። ደግሞስ ማን ታመመ? እስኪ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

መጥራት አልቻልሁም። ዛሬም አልችልም። እህቴ አልታመመችም፣ ልጇም እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው። ይህን የምጽፈው የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ እንዳልከራከርህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያ መድኃኒት ከቅጠሉ ወደ ሰው ሆድ ምን ያህሉ እንደሚገባ፣ ገብቶስ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ አልበላህም። የረጨህበትን ሸሚዝ እንኳ ለብቻ እጠቢው፣ ከልጅቷ ልብስ ጋር እንዳትቀላቅዪው ትለኝ ነበር። ጓሮውን የማትረጨው ትንሽ ስለሆነና ትሉን በእጄ ስለምለቅመው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኛን መለየትህ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁትን አልረሳኸውም። አንተ በየሰው ቤት «ሚስቴ አዋረደችኝ» እያልህ ያወራኸው እሱን ነው። ስለዚህ እኔ ያየሁትንም ስማ። ማሳውን በረጨህ ማግስት ወርጄ ጎመን ቆረጥሁ፣ አጠብሁ፣ ሠራሁት። ሊድያን ጎረቤት ላክኋት። ማዕዱን ፊትህ አቅርቤ «ከዛሬ ጀምሮ ከጓሮው አልቆርጥም፤ የምንሸጠውን ነው የምንበላው» አልሁህ። የቀለድሁ መሰለህ። ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳቀርብ ዘለህ እጄን ያዝህ። ጉርሻው መሬት ወደቀ።

እንደምትወደኝ ያን ጊዜ ዐወቅሁ፣ ደርቤ። የባሰ የተናደድሁትም ለዚሁ ነው። የኔን እጅ ያዝህ፤ የልጅህን እጅ ያዝህ። የእህቴን እጅ ግን ማንም አልያዘም። የጎንደሩን፣ የደባርቁን፣ ስሙን የማናውቀውን ሰው እጅ ማን ይይዛል?

«እንግዲያው ትሉን እየለቀምሽ ኑሪ!» ብለህ ወጣህ። በሳምንቱ ጎንደር ገባህ ሲሉ ሰማሁ።

ለቀምሁ። ከነሥራው ልንገርህ፣ ቀላል ነበር እንዳትል። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ እወርዳለሁ፤ ጣቴ ደንዝዞ ቅጠል መግለጥ እስኪያቅተኝ። አመድ ነሰነስሁ። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ወቅጬ በውኃ ዘፍዝፌ ረጨሁ። አንዳንዱን ጎመን ረዳው፣ አንዳንዱን ምንም አላለውም። ጎረቤታችን ገዱ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «ኪዳነምሕረት፣ ዘንድሮ ለሰው ነው ለትል ያረስሽው?» ሲለኝ፣ «ለሁለቱም ነው፤ ትሉ ቀድሞ ደረሰ» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን ገብቼ አለቀስሁ፤ የላይኛው መደብ ከነአካቴው ሄዶ ነበር። ከማሳው ግማሽ ያህሉ ለገበያ አልደረሰም። እውነቱ ይህ ነው፤ ደብቄ ላሸንፍህ አልፈልግም።

ሑዳዴ ሲገባ የተረፈውን ቆርጬ ደባርቅ ወረድሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ነጋዴዋ ፈትያ ዘንድ ነው፤ ጎመንህን ስትገዛህ የኖረችው እሷ ናትና። አንዱን አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ወንፊት ነው። ማን ይገዛኛል? ደርቤ የሚያመጣው እንዲህ አልነበረም።»

«ያልተረጨ ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ፤ ያልተረጨ እንዲህ ነው። ለቤቴ ሁልጊዜ ከጓሮው ለብቻ በከረጢት ያመጣልኝ ነበር፤ አላህ ይስጠው። ልጆች አሉሽ፣ ይሄን ለነሱ ሥሪላቸው እያለ—» ብላ ስትስቅ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። የሸጠችው ሁሉ ፊቷ የመጣ ይመስል ወደ መደቧ ዞር አለች።

አንተ ታውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር። የማያውቀው ከፍሎ የሚበላው ብቻ ነው።

ከመደቧ ጎን ቦታ ጠርጋ «አስቀምጪው» አለችኝ። «ከኔ ጎን ተቀመጪና ራስሽ ሽጪ። እኔ ስለዚህ ጎመን ለሰው ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅበትም።»

ተቀመጥሁ። ሰው እያነሣ አስቀመጠ። «ትል በልቶታል እኮ!» ይላሉ። በመጨረሻ ደሜ ፈላ። ቢላዋዬን አወጣሁና አንዱን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ጥሬውን ቅጠል ገንጥዬ፣ ሰው እያየ በላሁ። «እኔ እበላዋለሁ! ልጄም ትበላዋለች! በዚህ ገበያ የሸጠውን ጎመን እዚሁ ቆሞ የሚበላ ሌላ ሰው ካለ ከሱ ግዙ!» ብዬ ጮኽሁ። አንዲት ሴትዮ «አበደች» አለች። ሌላዋ ግን ጠጋ ብላ ገዛች። ዋጋ አልጨመርሁም፤ ንጹሕ ነገር የሚበላ ሀብታም ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ያን ቀን ሁሉን አልሸጥሁም። ያልተሸጠውን ተሸክሜ ስመለስ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደረገምሁህ አትጠይቀኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ቡይት ራስ ካሉት የቱሪስት ሎጆች በአንዱ የሚሠራ ቃለ አብ የሚባል ምግብ አብሳይ መጣ። ወሬዬን ሰምቷል። «ኦርጋኒክ የምታመርቺው አንቺ ነሽ?» አለኝ፤ ያለ መድኃኒትና ያለ ማዳበሪያ የበቀለ ማለቱ ነው። ጎመኑን አገላብጦ አየ፣ ቀዳዳውን ሲያይ እንዲያውም ደስ አለው። እንግዶቹ እሱን ነው የሚፈልጉት። ድንቼንም እንደሚወስድ፣ ከሌላው የተሻለ እንደሚከፍል ነገረኝ፤ በየሳምንቱ።

«ድንቹስ ያው ነው አይደል? ኦርጋኒክ?»

«አይደለም» አልሁት። «ድንቹ ማዳበሪያ በልቷል። ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምርም መድኃኒት ረጭቸዋለሁ።»

ዓይንህ ሲፈጥ ታየኝ! አዎ፣ ረጭቻለሁ። አፍና አፍንጫዬን ጠምጥሜ፣ መርጫህን ተሸክሜ፣ ራሴ። ያ በሽታ ከገባ በሳምንት ውስጥ ማሳውን አመድ እንደሚያደርገው ከአንተ ጋር አይቸዋለሁ። ትልን መልቀም ይቻላል፤ ያን መልቀም አይቻልም። ባለሙያው በነገረኝ ልክ ለካሁ፣ ጠብቁ ያለውን ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ቆፍሬ መጀመሪያ የቀቀልሁት ለሊድያና ለራሴ ነው። በጣም ጣፍጦን በላን።

ቃለ አብ ዝቅ ብሎ «ይሄንማ ለማንም አትንገሪ» አለኝ። «ፈረንጆቹ በምን ያውቃሉ? ኦርጋኒክ ነው በይ፣ እኔም እላለሁ።»

«ዋሽተህ ከሆነ የምትገዛኝ ጎመኑንም ተወው» አልሁት። «የረጨሁትን ረጨሁ፣ ያልረጨሁትን አልረጨሁም እላለሁ። ቃሉ የናንተ ነው፤ እኔ ቃል አልሸጥም።»

ተናዶ ሄደ። እኔም ቂል ነኝ እያልሁ ራሴን ሰደብሁ። ግን ዞሮ መጣ፤ ጎመኑን ብቻ ገዛ። አሁን በየሳምንቱ ይወስዳል። ድንቹን ፈትያ ትሸጥልኛለች። መቼ እንደተረጨ ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች፤ ስታወራ ታውቃታለህ።

ያመጣሁት ካንተ ዘመን ያነሰ ነው። ዘንድሮ ጣሪያውን አላደስንም፤ ሊድያ አዲስ ጫማ አላገኘችም። ሀብታም ሆንሁ ብዬ አልጠራህም። ኦርጋኒክ የሚሉት ከሌላው ይሻላል ወይ ብትለኝም የምሰጥህ መልስ እንደ ሬዲዮ ወሬ አንድ ቃል ብቻ አይደለም። ለጎመኔ ይሻላል፤ ድንቼ ያለ መድኃኒት አልሆነልኝም፤ ገብሱን ያለ ማዳበሪያ ብዘራው የምንበላው እንደማይበቃን አንተም እኔም እናውቃለን። የጠላሁት መድኃኒቱን አይደለም። ሰውን ለሁለት መክፈሉን ነው የጠላሁት፤ የሚራራለትና የማይራራለት ብሎ።

ይህን ሁሉ እሑድ ለቄስ ሀብተ ሚካኤል ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ለጎመን ብለሽ ትዳር ታፈርሻለሽ?» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለመገበሪያ የምናመጣልዎን ስንዴ እንዴት አድርገን ነው የምናመጣው?»

«ለቅመሽ፣ አጥርተሽ ነዋ። ለእግዚአብሔር አይደለም እንዴ!»

«ለፈጠረው ሰውስ?»

መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «የላከኝ ባልሽ ነው፤ መልእክቴን አድርሻለሁ» አሉ። «የምትይውን አንቺው ጻፊለት። እኔ ይሄን አላጣምምብሽም።» ባርከውኝ ሄዱ። ወረቀቱን ያን ጊዜ ነው ያነሣሁት።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ማሳው የሁለታችን ነው፤ በመሬት ደብተሩ ላይ ያንተም የኔም ፎቶ አለ። ስለዚህ ለሁለት አይከፈልም። የተረጨው ሁሉ ቀኑ ሳይሞላ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም የመጀመሪያው ወደኛ ድስት ይገባል። በልጅህ አፍ የማታስገባውን በሰው ልጅ አፍ አታስገባም። ሽማግሌ ብትልክ፣ ዘመድ ብትሰበስብ፣ ቀበሌ ብትከስሰኝ ከዚህ ውጭ የምለው የለኝም። ገዱ ባሏን በጎመን የለወጠች ይለኛል። ይበል። አሁን የሱ ሚስት አመዱን መቼ እንደምነሰንስ እየመጣች ትጠይቀኛለች።

ናፍቀኸኛል፤ ይህንም አልደብቅህም። ሊድያ በየቀኑ ታነሣሃለች። እኔም ማሳው ዳር ደክሞኝ ስቀመጥ አጠገቤ ብትሆን እላለሁ፤ ከኔ የበለጠ እጅ አለህ፣ ችግኝ ስትተክል የሚያምርብህን ያህል ለማንም አያምርበትም። ብትመጣ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ፣ እግርህን አጥብሃለሁ፣ ያለፈውን አላነሣብህም። ባትመጣም ቅዳሜ ገበያ አለኝ።

ኪዳነምሕረት
ከደባርቅ