ከበሩ ጀርባ የተለጠፈው ካርድ

ኅዳር 4 ቀን 1977

ዛሬም ዲዲቲ። አሰብ ሰጊር ሰፈር፣ ሠላሳ አንድ ቤት ረጨን። ፓምፑ ጀርባዬን ላጠው። ሰዉም እንደ ልማዱ... “መድኃኒታችሁ ትኋን ነው የሚያመጣብን!” አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወባ ሠራተኛ ሆኜ ትኋን አምጪ ተባልኩ እንጂ አመስጋኝ አላየሁም።

አዲሱ ሾፌራችን ንጋቱ ደግሞ አላማረኝም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጣው። ሾፌር በአውሮፕላን? ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች፤ ሰው ሲያወራ ያወጣታል። ምንድን ነው የሚጽፈው?

ኅዳር 6

ቁጥር 17፣ የረቢዓ ቤት። ልጇ ኑህ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ብሔራዊ ውትድርናን ፈርታ ለቀበሌ “ወደ በይሉል መንደር ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል” ብላ አስመዝግባዋለች። ለእኔ ግን ከጓዳ አወጣችው። “አንተ ሐኪም ነህ፣ ሸዋንግዛው ወንድሜ። ወላሂ ካንተ አልደብቅም።” ዕድሜው? “አሥራ ዘጠኝ።” አራት ፍሬ ክሎሮኪን አስዋጥኩት። ሐኪም አለችኝ! ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

እንደ ሁልጊዜው ካርዱን ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩ። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው የተረጨበትን ቀንና ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ግን የቤተሰቡን ስም፣ ዕድሜና የክኒኑን ቁጥር በእርሳስ እጨምርበታለሁ። ክኒን የሚሰጠው በዕድሜ ነው፤ ነገ ሌላ ሠራተኛ ቢመጣ እንዳይሳሳት። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሥራ ማለት ይሄ ነው።

ስወጣ ንጋቱ በር ላይ ቆሟል። “የልጁ ስም ማን ነው?” አለኝ። ምን አገባህ? አልኩት።

ኅዳር 7

ንጋቱን ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ይሳሳቃሉ።

ኅዳር 12

አልተሳሳትኩም፣ ሰውዬው ጆሮ ጠቢ ነው። ለላቦራቶሪዋ አልጋነሽ ነገርኳት። “አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ!” ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ኅዳር 19

አፈሳ። ኑህን ወሰዱት።

ጎረቤት ሳይነኩ በቀጥታ ቁጥር 17 ገቡ አሉ። መኖሩን የሚያውቅ ማን ነበር? እናቱ፣ እኔ... እና ንጋቱ! ደሜ ፈላ። ጋራዥ ሄጄ አንገቱን ያዝኩት። “ሰው ሻጭ! ይሁዳ!” ሠራተኛው ሁሉ ሰማ።  ደብተሩን ከኪሱ መንጭቄ ገለጥኩ። “ሌ፦ ውሃ። ዓሪ፦ ቤት።” አፋርኛ... ገጹ ሁሉ የአፋርኛ ቃል። ማታለያ ነው፣ ማን ይሸወዳል? ብዬ ፊቱ ላይ ወረወርኩለት።

ኅዳር 21

ረቢዓን ላጽናናት ሄድኩ። ተቀመጥ አላለችኝም። ካስገባችኝ በኋላ የሳንቃውን በር ዘጋችና ጀርባውን አሳየችኝ።

“አንብብ።”

ወደ ካርዱ ጠጋ አልኩ።

“እኔ ማንበብ አልችልም። እነሱ ግን ይችላሉ። መዝገብ ላይ ‘በይሉል ሄዷል’ የሚለውን አይተው ሊያጣሩ ነው የመጡት። አንዱ ጮክ ብሎ ‘ኑህ፣ አሥራ ዘጠኝ’ አለ። ከዚያ ‘የታለ?’ አለኝ። የለም ልበል? ተጽፏል እኮ!”

የእኔ እጅ ጽሑፍ። አምሮ፣ ተስተካክሎ። ኑህ፣ 19፣ 4 ፍሬ።

እንዴት ከዚያ ቤት እንደወጣሁ አላውቅም።

ኅዳር 22

 ስንት ቤት ጽፌያለሁ? መቶ አርባ ሁለት። እግዚኦ!

ንጋቱ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል። እግሩን ብቻ እያየሁ የካርዱን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩ። እዚያው እንደተኛ ነገረኝ። ከሊቀመንበሩ ጋር ሻይ የጠጣው የቀበሌ ቤት እንዲሰጡት ሊለምን ነበር። የኑህን ስም የጠየቀውስ? “ታማሚ ነው ብዬ ነዋ። ስሙን ጠርቼ እግዜር ይማርህ ልለው።” አፈርኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በኋላ ከመኪናው ሥር ብቅ አለና “ላጲስ አለህ?” አለኝ።

ታኅሣሥ 1

እኔና ንጋቱ ከመቶ አርባ አንድ ቤት ካርድ ላይ ስምና ዕድሜውን አጠፋን። ረቢዓ በሩን አልከፈተችልንም። ኃላፊው ጋሽ ወሰኔ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን? ይበሉ።

ታኅሣሥ 18

ዛሬ ትኩሳት ያለበት ሰው ፍለጋ ወጣን። ቁጥር 63፣ የአሊማ ቤት። ባለፈው ዙር ልጇን ራሷ ጠርታ ያስጻፈችኝ ሴት ናት።

“እዚህ ሰው የለም” አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። እሷም እንደሰማሁ አውቃለች።

“የክኒኑ ሰውዬ ነኝ እኮ፣ እት አሊማ።”

“እናውቅሃለን” አለችኝ።

 ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ። የታማሚ መመዝገቢያው ቅጽ ላይም “ሰው የለም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አራት ፍሬ ቆጥሬ ደፉ ላይ አስቀመጥኩና ዞር ሳልል ወጣሁ።