አባዬ ለደብዳቤ የላካቸው ሽማግሌዎች

ዓርብ፣ መጋቢት 10 ቀን 1996

ሰቆጣ። ወረፋው እስከ አጥሩ ደርሶ ነበር። ሳል፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ሕመም... ከደረሰ ጋር ተካፍለን ጨረስነው። ሁለታችንም ጤና መኮንን ነን፤ እኔ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ ስድስት።

ከሰዓት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዞናችን ለሐኪምነት የሚማር አንድ ሰው ይመረጣል። የትምህርት ማስረጃና የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ነው። አንድ ብቻ! ደረሰ «እንግዲህ ተፋጠጥን» ብሎ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ይኼንኑ ነው።

መጋቢት 14

አለቃችን ዶክተር ዓለምብርሃን ለሁለታችንም ጻፉልን። የኔ «ታታሪ ናት፤ ልምድ ግን ይቀራታል» ይላል። ውሸት ነው እንዳልል... የደረሰን አላየሁም። ምን ማየት ያስፈልጋል? ሳዋልድ ምጥ ሲከብደኝ የምጠራው እሱን አይደል?

መጋቢት 24

አባዬ ከዞናችን ዝቋላ ወረዳ በእግሩ መጣ። ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ! አቶ ካሤ ከባሕር ዳር ዘመድ ሊጠይቁ እዚህ መጥተዋል። ያገራችን ልጅ፣ ትልቅ ባለሥልጣን። ሽማግሌዎቹ እንደ ጋብቻ ጥያቄ ደጃቸው ላይ ቆሙ አሉ። «ተቀመጡ እንጂ» ቢሏቸው፣ «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።» ሰውየው ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ክው አሉ። ለደብዳቤ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው እዚያው ጻፉ።

አይተውኝ እንኳ አያውቁም። «በቅርብ አውቃታለሁ፤ በዝቋላ እናቶችን ለዓመታት ስታዋልድ ቆይታለች» ይላል። እኔ ዝቋላ ተወለድኩ እንጂ መቼ ሠራሁ? አራት ዓመት የሠራው ደረሰ ነው። እህቴን ከነልጇ ያተረፋት እሱ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ የደረሰ ሥራ ነው።»

«ደረሰን እግዜር ይስጠው። ልጄ ግን አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ያመጣውን ትመልሺ?»

ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ደብዳቤውን ተቀበልኩት።

መጋቢት 26

አስገባሁ። ሁለቱንም ደብዳቤ። የአቶ ካሤን ከላይ አድርጌ።

ግንቦት 19

ባሕር ዳር። ለቃለ መጠይቁ ያላነበብኩት የለም። ከጠያቂዎቹ አንደኛው ደብዳቤውን አየና «ከአቶ ካሤ ጋር ምንድን ናችሁ?» አለኝ።

«ያገሬ ሰው ናቸው።»

«ጥሩ፣ ጥሩ።»

አለቀ። ቀጥሎ ደረሰ ገባ። በጣም ቆየ። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ምን እንደጠየቁት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሐምሌ 6

ስሜ ወጣ! አልዋሽም፣ ዘለልኩ። ዞር ስል ደረሰ ቆሟል። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። አባዬ ሲሰማ እልል እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ምሳ አልበላ አለኝ... ምን ሆኛለሁ?

ጳጉሜን 2

ነገ እሄዳለሁ። በሽተኞቼን ለደረሰ አስረከብኩ። ሳልነግረው መሄድ አልሆንልሽ አለኝ። የአቶ ካሤን ደብዳቤ፣ የዝቋላውን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት?»

«ባሕር ዳር ጠየቁኝ እኮ። ‹ታይቱ ዝቋላ አብራህ ሠርታለች ወይ?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«አዎ አልኩ።»

«ለምን? አይ ብትል ኖሮ...»

«አራት ዓመት ሙሉ በአባትሽ ቤት እንጀራ በልቻለሁ። ልጃቸውን ቀጣፊ ናት ልበል?»

አለቀስኩ። እሱ የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ። «ዶክተር ስትሆኚ ደግሞ አንቺ ለኔ ትጽፊያለሽ» አለኝ። የምሩን ነው። ለእሱ ስጽፍ መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም።