ለማይጮህ ደንበኛ

ጥር 6
ጥፋተኛው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ሠራተኞቹ ኢንጂነር ይሉታል። አፍንጫውን እየጠረግኩ ያሳደግኩትን ልጅ… የአንድ ባለፎቅ፣ የአንድ ጡረተኛ ሹፌርና የአንዲት መምህርት፣ ሦስት ቤት ለማደስ ባንዴ ተዋውሏል፤ ያሉት ሠራተኞች ግን ለአንዱም አይበቁም። ዛሬ የባለፎቁ ሰውዬ በስልክ ሲጮህበት ግንበኛውንም ቧንቧ ሠራተኛውንም ሰብስቦ ወደዚያ ነዳ። ጡረተኛው ሹፌር ጋ እኔን ላከ። «አክስቴ፣ አንቺን ሲያዩ ንዴታቸው ይበርዳል» አለ። ለሚጮህ ደንበኛ ሠራተኛ፣ ለማይጮህ አክስት። አሠራሩ ይኸው ነው።

ሹፌሩ የሚያሳድሱት ታች ያለውን ክፍል ነው። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግላቸው የለም፣ ቤታቸው ይረፉ ብለዋል። ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ክፍሉ ካላለቀ የት ይገባሉ? «ቅዳሜ በያቸው» ተብያለሁና ቅዳሜ ያልቃል አልኳቸው።

ጥር 14
ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። እኔም እንደገና ተላክሁ። ወለሉ እንደተቆፈረ ነው። የሲሚንቶው ከረጢት እርጥበት ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ሹፌሩ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። ግን ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረጉልኝ… እኔም ጀመርኩ። ስለ ወገቤ አወራሁ። ከልጅ ልጄ እኩል ፊደል እንደቆጠርኩ፣ እሷም ቀድማኝ እንደ መምህር እንደምትቆጣኝ። ሳቁ። ሲስቁ የተላክሁበት እንደተሳካ አወቅኩ።

በር ላይ ሲሸኙኝ፣ «ባለቤቴ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ትለኛለች፤ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«ነጭ» አልኩ። ያልተለሰነ ግድግዳ ተደግፌ።

ጥር 15
የባለፎቁ ቤት ሴራሚክ ተነጥፎ አለቀ። ሰውዬው አሁንም ይጮሃል።

ጥር 22
ሹፌሩ ደወሉ። ሠራተኞቹን አያስቸግሯቸው፣ ክፍሉ አያስፈልግም አሉ። ባለቤታቸው ትናንት እዚያው ሆስፒታል… ከማያውቋቸው በሽተኞች መሀል። ምን ይባላል? ነፍስ ይማር አልኩ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ።

«መጮህ ነበረብኝ» አሉ። «እርስዎን ሳይ እያፈርኩ ተውኩት እንጂ።»

ስልኩን ማናችን እንደዘጋነው አላስታውስም።

ጥር 24
ለወንድሜ ልጅ ነገርኩት። «ታዲያ እኛ ነን የገደልናቸው?» አለ፣ እያላመጠ። አልገደልንም። መሞታቸውንማ ያውቁት ነበር። የፈለጉት ቤታቸው መሞት ነው… ይህ ምን ይበዛል?

እጁን ታጥቦ ሲመለስ ወሬውን ቀየረ። መምህርቷ ጣሪያዬ አሁንም ያፈሳል ብላ ተቆጥታለች፣ ነገ ጎራ በይ። አንቺን ደግሞ ትወድሻለች…

አልሄድም አልኩት። ምን ነካሽ አለኝ። ምን ይነካኛል? ትቆጣ። ቢሮው ድረስ መጥታ ትጩህበት፤ ጆሮው ይደንቁር።

እኔ ከእንግዲህ የሰው ንዴት አላበርድም።