ባለቤት ያልመጣላቸው ብስክሌቶች

ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ አሰገደች፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የባሕር ዳር ሙቀትስ ዛሬም ነጠላ ያስጥልሻል? ባለቤትሽ ፍቅረየሱስስ፣ ልጃችሁ ሀይሚስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከብርዱና ከቤቱ ዝምታ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ስትጠይቂኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ስለምዘጋው፣ እውነቱን በወረቀት ልንገራት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የአባባን የብስክሌት መጠገኛ ልዘጋው ነው። የቤቱ ባለቤት ዲኖ ከገና በኋላ የሞተር ዕቃ መሸጫና መጠገኛ ሊያደርገው ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ እኔንም «የሞተር ጠጋኝ ሆነህ እዚሁ ሥራ» ብሎኛል። ምን ይፈረድበታል? ድሮ ከዲንሾ እስከ ጎባ ያለው መምህርና ጤና ረዳት ሁሉ በራችን ላይ ተራ ይይዝ ነበር። አሁን ጎረምሳው ሞተር ላይ ነው፤ የቀረው ባጃጅ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቴ ብቅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የስልክ ካርድ እሸጥ እንደሆነ ጠይቆኝ ሄደ።

የተጣመመ የጎማ ቸርኬ የማቃናውም ብቻዬን ነው። አባባ «ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው» ይል የነበረው ትዝ ይልሻል? አንቺ ጎማውን ታሽከረክሪያለሽ፣ እሱ ጠመኔውን ጠርዙ ላይ ያስጠጋል፤ ጠመኔው የነካው ቦታ የተጣመመው ስለሆነ አንቺ «እዚህ!» ብለሽ ትጮኺያለሽ። እኔ ጠመኔውን በሽቦ አስሬዋለሁ። ሥራውን ይሠራል፤ «እዚህ!» የሚል ግን የለም። አንዳንዴ እኔው ራሴ እላለሁ። ጎረቤት ይሄ ሰውዬ ለየለት ሳይል አይቀርም።

ጣራው ሥር ተጠግነው ባለቤት ያልመጣላቸው ስምንት ብስክሌቶች ተሰቅለው ነበር። የአባባን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ለጥገና የመጣ ብስክሌት ስንት ዓመት ቢቀመጥ አይሸጥም፣ ከባለቤቱ እጅ በቀር የትም አይሄድም። ስለዚህ ቤቱን ከማስረከቤ በፊት ለየባለቤቱ ላደርስ ተነሣሁ። የዲንሾውን የጃርሶን ብስክሌት ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ ወሰድኩለት። መኖሩንም ረስቶት ኖሮ፣ ከገብስ ክምሩ አስደግፎ ሻይ ጋበዘኝና ስለ ልጁ አዲስ ሞተር ሲያጫውተኝ ዋለ።

ሰባተኛው፣ መጨረሻ የወሰድኩት የመምህር ዱጉማ ነበር። ሮቤ ጂኦግራፊ ያስተማሩን፣ ጡረታ ወጥተው ጎባ የገቡት። ከአራት ዓመት በፊት ለፍሬን አምጥተውት በዚያው ቀሩ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ እየነዳሁት ወጣሁ። መንገዱ በስንዴ አጫጅ ኮምባይነሮች ተጨናንቋል። የጎባን ሽቅብ ታውቂው የለ፤ ሳንባዬ አፌ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቢሆንም ይመርቁኛል፣ ደስ ይላቸዋል እያልኩ ነበር።

በሩን ከፍተው በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም አሉኝ፤ ብስክሌቱን ሲያዩት ግን ፊታቸው ጠቆረ። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሱቁ ሊዘጋ ስለሆነ እንዳመጣሁት ነገርኳቸው። አስገብተው አስቀመጡኝና ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ልጆቹም ከተበተኑ ወዲህ፣ የሚጠብቃቸው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲነሡ «ዛሬ ሮቤ ወርጄ ከመሳይ ሱቅ ብስክሌቴን ባመጣስ» ይላሉ፤ ጉልበታቸው እንደማይችል ያውቃሉ፤ ግን ያንን ብለው ነው የሚነሡት። «አሁን ወዴት ልሄድ ነው የምነሣው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፍሬኑ ገና ነው፣ መልሼ ልውሰደው ብዬ ዋሸሁ። ሳቅ ብለው፣ ሱቅህ ሲዘጋ የት ልትሰቅለው ነው አሉኝ።

ከግቢያቸው ስወጣ መመለሻ እንደሌለኝ ገባኝ። በብስክሌት ወጥቶ ብስክሌቱን አስረክቦ በእግሩ የሚቀር፣ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሽቅቡን ለፍቼ፣ እኔና አንቺ እጃችንን ከፍሬን አንሥተን እየጮኽን እንወርደው የነበረውን ቁልቁለት ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ በመስኮት አየሁት። ያን ቀን እንደተሰማኝ ያለ ብቸኝነት አባባ የሞተ ጊዜም አልተሰማኝም።

ለዲኖ እሺ ብዬዋለሁ። ሞተርም ቢሆን ብሎን ነው፤ እለምደዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ስምንተኛው ብስክሌት ከተሰቀለበት እንዳይወርድ። ለጌጥ ይሆነናል ብሎ ሳቀና ፈቀደልኝ። ያንቺው ቀዩ ነው። ያገባሽ ዓመት «ፍሬኑን አጥብቅልኝ፣ ለፋሲካ ስመጣ እወስደዋለሁ» ብለሽኝ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ የመጣሽው ለአባባ ቀብር ብቻ ነው፤ ቀና ብለሽም አላየሽው። አልተቀየምኩሽም፤ ማን ቀና የሚልበት ቀን ነበር?

ለፍቅረየሱስ የላከልኝ ሹራብ ልክክ እንዳለልኝ ንገሪልኝ። ሀይሚን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በብስክሌት ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች ስትዪኝ በደስታ አልቅሻለሁ። ለአማትሽ «ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ» ብሏል በያቸው። ጋሽ ኢታናና ሚስታቸው ከአጥር ማዶ ሰላም ይሉሻል።

ፍሬኑ ጠብቋል፤ ጎማውንም በየወሩ እነፋዋለሁ። ባሕር ዳር ለብስክሌት የሚመች ከተማ ነው ይሉኛል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም እባክሽ እትዬ፣ ላክልኝ አትበዪኝ።

ወንድምሽ መሳይ
ሮቤ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.