ለእማዬ መኪና የመረጥነው ካንዴላ

ለተወደድሽው ታላቅ እህቴ ለፑንጎዲ፣ ሙስካት

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የሆስፒታሉ ሥራ አላደከመሽም? ባለቤትሽ ሴልቫም፣ ያቺ ለፍላፊ ልጅሽስ ደኅና ናቸው? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን።

ባለፈው «እማዬ በዚህ ዕድሜዋ የመኪና እሽቅድድም? አብዳችኋል እንዴ!» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። እንግዲህ የሆነውን ስሚኝ።

የአባባ መኪና እሱ ካረፈ ወዲህ ቆማ ነበር። እማዬ መንዳት ከለመደች በኋላ «ይህቺን አሮጊት አንቃልኝ» አለችኝ። ቴስታታዋን፣ የሞተሯን ክዳን፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ አየሩ ይበልጥ እንዲታመቅ በስሱ አስላጨሁት፤ ካርቡራቶሯን ሰፋ ባለ ቀየርኩት። ከዚያ በላይ አልነካካኋትም። ጉልበቷ ጨመረ፤ የማሩዳማላይን ዳገት ስትወጣ ግን ሞተሯ ያንኳኳ ጀመር። ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ብፈታ ጫፋቸው እንደ ኖራ ነጥቷል። ያለ ልክ ግለዋል ማለት ነው፤ እንዲያው ብትነዳ ፒስተኑ ይበሳ ነበር።

አጎታችን ራትናም፣ እሱም ለዚያው ውድድር ተመዝግቦ ነበርና፣ «ሁለት ደረጃ የሚቀዘቅዝ ካንዴላ ግጠምላት፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል» አለኝ። ሰማሁት። በማግስቱ እማዬ ስትነዳ አበባ ተራ መሃል ሞተሩ ጠፋባት። ካንዴላው በዝግታ ጉዞ በቂ ሙቀት አጥቶ ጥላሸት ለብሷል። ከኋላ ያለው የአውቶቡስ ሾፌር «እማማ፣ ቤትሽ ገብተሽ ኢድሊሽን አታበስዪም!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አብስዬ ነው የወጣሁት! ውረድና ግፋ፣ አቀምስሃለሁ!» ሰውዬው እየሳቀ ወርዶ ገፋላት።

ራትናም «በቃ፣ ሞተሩን እንደ ድሮው መልሰው» አለ። እማዬ ግን ሁለቱን ካንዴላዎች መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻቸውና «አንዱ ነደደ፣ አንዱ ጨሰ። መሃሉ የለም እንዴ?» አለች። ነበረ እንጂ! በአንድ ደረጃ ብቻ የሚቀዘቅዘውን ገዛን። ብልጭታው በታመቀው አየር እንዳይጠፋ የጫፉን ክፍተት በጥቂቱ አጠበብኩት። ዳገቱን ወጥታ፣ ከተማውን ዞራ ስትመለስ ፈታሁት፤ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኗል። እማዬን አቅፌ አሽከረከርኳት።

እሑድ ዕለት በአሮጌው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ተወዳደረች። ሞተሯ አንዴ እንኳ ሳያንኳኳ ከጀማሪዎቹ አራተኛ ወጣች፤ ራትናም ሰባተኛ። አስተዋዋቂው «የሟቹ የካዲርቬል ባለቤት!» እያለ ሲጮህ ማይክራፎኑን ተቀበለችውና «ባለቤቱስ ነበርኩ፤ ደግ ሰው ነበር። ዛሬ የነዳሁት ግን እኔ ሲቫካሚ ነኝ» አለች። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እታለም፣ የእሷ ልጅ በመሆኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሴልቫምን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ራትናም «ሰላም በላት፣ ሰባተኛ መውጣቴን ግን አትንገራት» ብሏል። እማዬም ትስምሻለች፤ «ስትመጪ ከአውሮፕላን ማረፊያ የምቀበልሽ እኔው ነኝ፤ ቀበቶሽን አጥብቀሽ ታስሪያለሽ» ብላለች።

ወንድምሽ አሪቫዛጋን
ኮይምባቶር፣ በፖንጋል በዓል ሰሞን፣ ጃንዩዋሪ 22 ቀን 2013