ማንኛውንም ግዙ

ቆቦ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክብሮም፣ ካለህበት።

እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ልኩን ይዟል፤ እህትህ ዮርዳኖስ ጠዋት ማታ እየለካች ሐኪም ሆናብኛለች። ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ነው፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ አውድማው ሁሉ ሙሉ ነው ይላሉ፣ ከወፍ የተረፈው ማለቴ ነው። አሁን ዮርዳኖስ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ያን ሁሉ እህል ለማን እንደምታስፈጭ አልጠየቅኋትም። እሷ እስክትመለስ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ።

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ሳዑዲ ከገባህ ወዲህ በዮርዳኖስ ስልክ ድምፄን ስልክልህ፣ አንተም "አደይ፣ አትጩኺ፣ ይሰማኛል" እያልክ ስትስቅብኝ ነው የኖርነው። አሁን ግን ስልኩን ስጪኝ ልላት አልፈልግም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እየተንገዳገድኩ ነው። የፊደል አጣጣሌን አይተህ እንዳትስቅ።

ነገሩ የተነሳው ከፓምፑ ነው። አንተና ጓደኛህ ጌዲዮን ጉድጓዱን ቆፍራችሁ የተከላችሁት ፓምፕ ራሱ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸችው ቧንቧ ሲከፈት የምታስነሳው፣ ሲዘጋ የምታጠፋው፣ ያቺ ፕሬዠር ስዊች የምትሏት ናት። መጀመሪያ ዕቃ ስናጥብ ማንቀጥቀጥ አመጣች፤ ታስነሳለች፣ ታጠፋለች፣ ታስነሳለች፣ ታጠፋለች። ቆይታ ጭራሽ ዝም አለች። ጌዲዮን መጥቶ ክዳኗን ቢከፍት ጉንዳን ገብቶባት፣ ተቃጥሎ፣ ብረቶቹ መሃል ተጣብቋል። ጉንዳንን ከመብራት ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ። "ይቺ አብቅቶላታል፣ ሌላ ይገዛ" አለኝ።

እኔም ዮርዳኖስን "ለወንድምሽ ደውዪና የትኛዋን እንደምንገዛ ይንገረን" አልኳት። ሌላ ማንን ልጠይቅ? እዚህ ሳለህ የከተማውን ፓምፕ ስትጠግን የኖርክ፣ ለአንዲት ላስቲክ ሱቅ ሙሉ የምታስገለብጥ ሰው ነህ። የጓሮው ቧንቧ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በስልክ እያየህ ባለሱቋን ዘሊካን መደርደሪያዋን በሙሉ አስወርደህ፣ "እሱ አይሆንም፣ ያኛውን፣ ገልብጪው" ስትል፣ "ይህ ልጅ ዕቃ ነው የሚገዛው ሚስት ነው የሚመርጠው?" ብላ ገበያተኛውን ሁሉ አሳቀችው።

ዮርዳኖስ በማግስቱ መጥታ "ደወልኩለት" አለችኝ።

"እሺ፣ ምን አለ?"

"ማንኛውንም ግዙ ብሏል።"

ክብሮም ልጄ፣ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ድምፅህ ከጠፋ ወዲህ ሥራ በዝቶበት ነው ሲሉኝ አምኜ ነበር። ኔትወርክ የለም ሲሉኝም አምኜ ነበር፤ ኔትወርክማ እኛስ ዘንድ መቼ አለ? ይህን ግን ማመን አቃተኝ። አንተ በሕይወት ኖረህ "ማንኛውንም ግዙ" አትልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የኔዋ ባንዴ ነው የጠራችው። "እሺ፣ ማንኛውንም እንገዛለና" አልኳትና ወደ ጓሮ ሄጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። ድምፅ ባሰማ ሮጣ ትመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያላየሁት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ጎረቤታችን የሺ፣ ያቺ "ውሃሽ ጨው ጨው ይላል" እያለች በጀሪካን ስትቀዳ የኖረች፣ መጥረጊያ ይዛ መጥታ ግቢሽን ልጥረግልሽ አለችኝ። የሺ! በሌላ ቀን ደግሞ ዮርዳኖስ ከገበያ ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለብሳ መጥታ፣ በራችን ላይ ቆም አለች፣ አስተካክላ ለበሰችና ገባች። "አደይ፣ ሽንኩርት እኮ ተወደደ" አለችኝ። "ይወደድ" አልኳት። ምን ልበላት?

ለምን አልጠየቅሻትም ትለኝ ይሆናል። ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ እህትህን አታውቃትም? ከዚያ በኋላ ግን የወንድሟን መርዶ ለእናቷ በገዛ አፏ ያረዳች ልጅ ሆና ልትኖር ነው። መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። ማለዳ ተሰብስበው መጥተው፣ ግራ ቀኝ ደግፈው ይዘው የሚናገሩት ነው። ያንን በልጄ ጫንቃ ላይ አልጭንም፤ እስካሁን የተሸከመችው ይበቃታል። ደግሞ የራሴንም ልንገርህ፤ እስኪነግሩኝ ድረስ ልጄ ሳዑዲ ነው ያለው። ያችን ጥቂት ጊዜ ሰሰትኩላት።

እስካሁን የቆዩት ወንድሜን ገብሩን ጥበቃ ነው። ከማይጨው እንዳይመጣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰነበተ፤ ኅዳር ጽዮንም ትለፍላት፣ በዓሏን አናጨልምባት ብለው ይመስለኛል። ትናንት ግን ገብቷል፤ የሺ ቤት ነው የደበቁት። የወንድሜን ሳል የማላውቅ መሰላቸው። የእድሩ ድስትና ድንኳንም እዚያው ነው፤ የድንኳኑ ብረት በአጥር ላይ ጫፉ ይታያል። እንግዲህ ነገ እሑድ ነው።

ይህን ሳውቅ ነው ስለ ስዊቿ የተጨነቅኩት። ለቅሶ ያለ ውሃ አይሆንም። ከዋጃ፣ ከሮቢት፣ ከአላማጣ ሰው ይመጣል፤ እጅ የሚታጠበው፣ ምስር የሚለቅመው፣ ድስት የሚያጥበው ስንት ነው። የክብሮም ቤት ቧንቧ ደርቆ ለቀስተኛ ጀሪካን ይዞ ሰው ደጅ ይንከራተት? ያንተን ስም እንዲህ አላስጠራም። ማንኛውንም አልገዛም አልኩ።

ትናንቱን ዘሊካ ጋ ራሴ ሄድኩ። ያላትን ሁሉ ደረደረችልኝ። ሌላ ጊዜ "እትዬ አልጋነሽ ደግሞ ጀመራት" የምትለዋ ዘሊካ በርጩማ አቀረበችልኝ። እኔም አንተ እንደምታደርገው አደረግኩ። አንጸባራቂዋን አነሳሁ፤ በእጄ ቀለለችኝ፣ ክዳኗም እንደ ክብሪት ቀፎ ይንሸራተታል፤ መለስኳት። ሌላዋ ከበድ ትላለች። ክዳኗን አስከፈትኳት። የሚገናኙት ብረቶች ሰፋፊ ናቸው፣ ሞላዋ በጣቴ ብጫነው እሺ አይልም፣ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ላስቲኩ ጥብቅ ነው፤ ጉንዳን አያስገባም። "ይቺን" አልኳት። ከፍዬ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

"አብሽሪ እትዬ" አለችኝ።

ፓምፕ ለተበላሸበት ሰው እንደ ኀዘንተኛ አብሽሪ ይባላል? እሷም ከአፏ ሲያመልጣት ደነገጠች። "ማለቴ፣ ዕቃው ጠንካራ ነው፣ አታስቢ" አለች። "አሚን" አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ጌዲዮን ገጠማት። ጺሙን አልተላጨም። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የሠራው፤ እንባው ካቻቢቴው ላይ ሲንጠባጠብ አይቼ "አላበህ ልጄ" ብዬ ፎጣ ሰጠሁት። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ፓምፑ ተነሳ። ዘጋሁት፤ ጥቂት ቆይታ ጠቅ አለችና ጸጥ አደረገችው። ደግሜ ከፈትኩ፣ ደግሜ ዘጋሁ። አንዴም አልተንቀጠቀጠችም። "ክብሮም ቢያያት ይወዳታል፣ አደይ" አለኝና መሣሪያውን እንኳ ሳይሰበስብ ወጥቶ ሄደ።

ሥራ ላይ ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ በሽታ ይሁን አላውቅም። ነገ ይነግሩኛል። እኔን ግን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ለሰው ሁሉ ውሃ ስታወጣ ኖረህ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ጉንጭ ውሃ ያቀመሰህ ሰው ነበር? ይህን ማንን ልጠይቅ? እነሱም አያውቁትም። ዕድሜ ልኬን የምጠይቀው ይህን ነው።

ዛሬ የግቢውን በር አልቀረቅረውም። ሲመጡ ዮርዳኖስ ተነስታ እንድትከፍትላቸው አልፈልግም፤ ራሳቸው ገፍተው ይግቡ።

መጣች መሰለኝ፤ የጋሪው ድምፅ ይሰማኛል። ደብዳቤ ያለ ምርቃት አይዘጋም። ነፍስ ይማር የሚሉት ነገ ይምጡ፤ ከነገ ጀምሮ እኔም እለዋለሁ። ዛሬ ግን ስልክ ስንዘጋ የለመድነውን ልበልህ፤ ሁለተኛ የምለው አይደለምና። እመቤቴ ጽዮን ትጠብቅህ። ከክፉ ዓይን ትሰውርህ። ዕድሜህን ያርዝመው። በሰላም ለአገርህ ያብቃህ ልጄ።

እናትህ አልጋነሽ