የአባባ የክብር ልብስ እና የቤተ መዘክሩ ሰውዬ

ይድረስ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ በፊትሽ ተንበርክኬ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፦ የአባባን የባሕር ኃይል የክብር ልብስ ለብሻለሁ። ኮፍያው ዓይኔ ላይ ወርዶ፣ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ፣ ለቁም ሳጥኑ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቻለሁ። ቁም ሳጥኑ አልመለሰልኝም።

አሁን ወደ ጤናሽ ልምጣ። እንዴት ከርመሻል? ያ የሚያምሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ከሐኪሙ እየተደበቅሽ ነው? እንቅልፍሽስ? እኛ ደህና ነን። የእማማ ጉልበት ብቻ እንደ ድሮው ዝናብ መጣ እያለ ያወራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዋሻል።

ወሬው እንዲህ ነው። የባሕር ኃይሉ ቤተ መዘክር በጦርነቱ ጊዜ የተለበሱ ልብሶችን ለእይታ እየሰበሰበ ነው። አባባ ይህን ከሰሙ ወዲህ እግራቸው መሬት አልነካም። እኔ ብሞትም ልብሴ ቆሞ ይናገራል ይላሉ። የአገልግሎት ታሪካቸው አብሮ መቅረብ ስላለበት፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆኜ ተሾምኩ። ደመወዝ የለውም፤ ቁጣው ግን በሽ በሽ ነው።

አባባ ሁልጊዜ የሚተርኩልንን፣ በመርከባቸው ላይ በተደረገው የክብር በዓል ልብሱን ለብሰው ከአዛዡ ጋር የተጨባበጡበትን ምሽት ታውቂዋለሽ። በትረካቸው ውስጥ ማርሽ ባንዱ በየዓመቱ ሰው እየቀጠረ አሁን መርከቧ አትችለውም። እኔ ግን በዚያ በኃጢአቴ ቀን እጄን ኪሱ ልክተት ብል አልገባም አለኝ። ልብስ ሰፊው ቅርጹ እንዳይበላሽ የኪሱን አፍ የያዘበት ነጭ ክር እስካሁን አልተፈታም። ሁሉም ኪሶች እንደዚያው ናቸው።

ስንጽፍ መሃል ላይ፣ ይህ ኪስ ለምን ተሰፍቶ ቀረ ብዬ ጠየቅኋቸው። "የባሕር ኃይል መኮንን እጁን ኪሱ አይከትም!" ብለው ጮኹብኝ። እማማ ከወጥ ቤት ሆነው፣ "መሀረብዎንስ የት ይከቱት ነበር ጌታው፣ ጫማዎ ውስጥ?" አሉ። እኔና እማዬ በሳቅ ፈነዳን። አባባ አልሳቁም። ውሃ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁላቸው፤ ሳይጠጡ አስቀመጡት። ከዚያ የምሽቱን ነገር ሰርዢው አሉኝ።

በምትኩ ያስጻፉኝ ይህን ነው። እሳቸውና በአንድ ክፍል ያድሩ የነበሩት ጓደኛቸው ለክብር በዓሉ አብረው ተለክተው ልብስ አዘዙ። ልብሱ ሳይደርስ መርከቧ ወደ ውጊያ ወጣች፤ ተመታች። ጓደኛቸው አልተመለሱም። አባባ ከሆስፒታል ወጥተው ልብስ ሰፊው ዘንድ ሲሄዱ ሁለቱም ልብሶች ተተኩሰው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የጓደኛቸውን ለሟቹ እናት አደረሱ። የራሳቸውን መልበስ አቃታቸው። በዓሉም ቀረ፤ ባንዱም አልመጣም።

እማዬ፣ "አባዬ፣ ይህን ካነበቡ አይቀበሉንም፤ ዝም ብንል ማን ያውቃል?" ብላ ለመነቻቸው። "እኔ አውቃለሁ። ይቺ አይጢትም ታውቃለች" ብለው ወደኔ ጠቆሙ። ቁም ሳጥን ለቁም ሳጥን እዞራለሁ ብለው ያወጡልኝ ስም አልለቀቀኝም። ለካ መልበሴንም ነቅተውብኛል።

ትናንት የቤተ መዘክሩ ሰውዬ መጣ። ታሪኩን አነበበ፤ ልብሱን አገላብጦ አየ። ደንቡ የተለበሰ ነው የሚለው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሻዩን ጨርሶ ሄደ። እማዬ አለቀሰች። አባባ ግን እስከ በር ሸኝተውት ሲመለሱ ራበኝ አሉ፤ ራታቸውንም ደግመው በሉ። ልብሱን ወደ ናፍታሊኑ ልመልሰው ስል፣ ተይው፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ይሁን አሉኝ።

እማማ ጉንጭሽን ስመውሻል። እማዬ ካልሲ ሳታደርጊ እንዳትወጪ ብላለች። ትንሹ ወንድማችን ናፍቀሽኛል ይላል፤ ቸኮሌት ላኪ ማለቱ ነው። አባባ ደግሞ…

ቆይ፣ እየጠሩኝ ነው። "አንቺ አይጢት! የት ተወሸቅሽ? ነይ ይህን ቁልፍ ቆልፊልኝ፤ ሁለቱንም እጄን እጅጌው ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ሆዴ ግን እምቢ አለ!"

ከኮሪደሩ መስኮት ሥር
እሑድ ጠዋት